ወደ ማክሰኝት የሚያስገባው መንገድ

ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎንደር ሊደረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ትገኛለች፤ በስተምዕራቧ የደምቢያ ሜዳ እስከ ጣና ይዘረጋል፣ በስተምሥራቋ አገሩ ወደ በለሳ ያዘቀዝቃል። የፋሲልን ግንብ ሊያይ የሚገሰግስ እንግዳ ከተማዋን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ለአካባቢው ተወላጅ ግን የመንገድ ማለቂያ ናት። አዲስ አበባ ሠርቶ ያደረ ሰው መኪና ሲገዛና ሊብሬው በስሙ ሲዞር፣ ዘመድ አዝማድ «የደስታ ያድርግልህ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «ታዲያ አገር ቤት መቼ ትገባለህ?» የሚል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ማክሰኝት በጎጃም በኩል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ እንደሚመረጠው መንገድ ይለያያል። የዚህ ጉዞ አሰነዳድ የራሱ ወግ ያለው ሲሆን፣ መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚሰንቁና ኬላውን እንዴት እንደሚያልፉ የሚወስነው ልማድ ከመኪናው በብዙ ይቀድማል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት መንገዱ የሲራራ ነጋዴ ነበር። በደቡብ ጎጃም፣ ዓባይ አፋፍ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከጊቤ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ባሪያ ይሰበስባል፤ የነጋዴው ሠልፍ፣ ቅፍለቱ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በፎገራ ሜዳ በኩል ይፋግ ይደርሳል፤ ከዚያ በእንፍራዝ አልፎ ጎንደር ይገባል። ከጎንደር መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በትግራይ ወደ ምፅዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይጓዛል። ዛሬ ከወረታ እስከ አዘዞ የተዘረጋው አስፋልት ከዚያ የአጋሰስ ዱካ ብዙም አይርቅም። ሐሙሲትና ማክሰኝት ሁለቱም ስማቸውን ከገበያ ቀን ማግኘታቸው የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ መንገዱ ከተማ ፈልጎ አልሄደም፣ ገበያው በቆመበት አለፈ እንጂ።

ቅፍለት ማለት ዝም ብሎ መሄድ አልነበረም። ነጋዴው ለብቻው አይነሣም፤ ብዙ ሆነው፣ አለቃ መርጠው፣ መሣሪያ የያዘ ሰው አስከትለው ነው የሚጓዙት። ቀረጡን የሚያስከፍለው ነጋድራስ ሲሆን፣ በየኬላው ጭነት ይፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይከራከሩበታል። ይፋግ በዘመኑ ከታላላቆቹ የገበያና የቀረጥ ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ ከአዲስ ዘመን አጠገብ የሚያልፈው ሾፌር ግን መኖሯን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ነበር፤ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ፣ ከበቅሎ ሳይወርዱ የሚበላ።

ከሁሉ በላይ ግን የጉዞውን ቀን የሚቆርጠው ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ዓባይ አይሞከርም፤ ጉማራና ርብ ሞልተው ከአፋቸው ይወጡና የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ነጋዴም፣ ዘማችም፣ ዘመድ ጠያቂም መስቀል እስኪወጣ ይጠብቃል። ወንዙ ጎደል፣ ጭቃው ጠጠር ሲል፣ ሜዳው ገና በአደይ እንደተሸፈነ መንገድ ይከፈታል። በጋው ከገፋም በኋላ የዓባይ በረሃ ቀላል አይደለም፤ መሻገሪያው ላይ ዕቃውን በእንጨት ርብራብና በተነፋ አቁማዳ፣ እንስሳውን በዋና ማሻገር ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ድልድይ መሥራት የነገሥታት ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻው ያደረገው ዐፄ ፋሲል ስሙ ከግንቡ ባልተናነሰ ከድልድይ ጋር ይነሣል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ከጣና በታች ዓባይን ለመጀመሪያ ጊዜ በድንጋይና በኖራ ያስተሳሰረ ሲሆን፣ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወንዞችም ላይ በዚያው ስልት የተሠሩ የድንጋይ ቅስቶች አሉ። የአገሬው ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» እያለ ይጠራቸዋል። ይሁንና ግንበኞቹ ዕውቀቱን ከየትም ያግኙት ከየት፣ ያሠራው ቤተ መንግሥት የአገሩ ነበር። መናገሻው ራሱ ወደ ጎንደር ከመዝለቁ በፊት በዚሁ መንገድ ላይ ሰንብቷል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የነገሠው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠራው የጉዛራ ግንብ ከእንፍራዝ አቅራቢያ ካለ ኮረብታ ሆኖ ጣናን ቁልቁል ያያል። ከአዲስ ዘመን ወደ ማክሰኝት የሚነዳ ሰው ቀና ካለ በቀኝ በኩል ያገኘዋል፤ ብዙው ሾፌር ግን ዓይኑን ከኩርባው ስለማያነሣ ሳያየው ያልፋል።

መንኮራኩር ማክሰኝት ወዳለችበት ወደ በጌምድር የገባው ከንግድ ሌላ በሆነ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነው። መድፉ በሰረገላ ስለሚጎተት ከፊቱ መንገድ መጥረግ ግድ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ዳገቱን እያስቆረጡ፣ ገደሉን እያስሞሉ ሄዱ። በዚያ አገር ለተሽከርካሪ ተብሎ ከተጠረጉት መንገዶች ቀዳሚው ይህ ነው ማለት ይቻላል። የጥርጊያውን ክፍል ብዙም ሳይቆይ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ተጠቀመበት።

መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አመጣው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት የመኪናው ቁጥር በዋና ከተማዋና በባቡሩ መስመር ዙሪያ እየጨመረ ቢሄድም ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወስድ መንገድ አልነበረም። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በራስ ጉግሣ ወሌና በመንግሥቱ ጦር መካከል በተደረገው የአንቺም ጦርነት የመንግሥት አውሮፕላን በበጌምድር ጦር ላይ አንዣብቧል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚያደርስ የመኪና መንገድ ግን ገና አልተጠረገም ነበር። የጎንደር ሰው አዲስ አበባ ለመውረድ በቅሎ ይጭናል፤ በጎጃም ወይም በወሎ ዞሮ ሳምንታት ይጓዛል።

የመጀመሪያው ትልቅ የመኪና ሠልፍ ጎንደር የገባው በጣልያን ወረራ ነው። የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ የሚመራውና በመቶ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች የያዘው ፈጣን ጦር ከኤርትራ ተነሥቶ፣ በኦምሐጀር በኩል ቆላውን አቋርጦ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ጣና ወርዶ በሚያዝያ ባሕር ዳርን ያዘ። የመንገድ ሥራው ተከተለ። ከአስመራ በአድዋ፣ በአክሱም፣ በተከዜ አልፎ ሊማሊሞን በጠመዝማዛ የሚወጣው መንገድ ጎንደርን ከቀይ ባሕር ጋር አገናኘ፤ ከጎንደር ወደ ደቡብ ደግሞ በማክሰኝትና በእንፍራዝ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ተሠራ። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያና የጎንደር ፒያሳም የዚያው ዘመን ሥራ ናቸው። ስለ ጣልያን መንገድ ሲወራ ብዙ ጊዜ ምድረ በዳ ላይ እንደተዘረጋ አድርጎ ማውራት ይወደዳል። ሊማሊሞ በእርግጥም ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነው። ከእንፍራዝ እስከ አዘዞ ያለውን ክፍል ግን መሐንዲሶቹ አልፈጠሩትም፤ የቅፍለቱን ዱካ አስፍተው ጠጠር አለበሱት።

መንገዱ ለጦር ተሠራ፤ ጦርነቱም መንገዱ ላይ አለቀ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ በጎንደር ዙሪያ መሽጎ ለወራት ሲቆይ፣ ሁለቱ በሮቹ በሰሜን ወልቀፊት፣ በደቡብ ቁልቋል በር ነበሩ። ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጅ ሰጠ። ቁልቋል በር ከማክሰኝት በስተደቡብ፣ መንገዱ በተራራ መካከል የሚጠብብበት ቦታ ነው፤ እዚያ የመሸገው የጣልያን ጦር በእንግሊዝ ሠራዊትና በኢትዮጵያ አርበኞች ተከቦ ከነሐሴ ጀምሮ ከተዋጋ በኋላ ኅዳር 12 ቀን ወደቀ። ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣልያን ወታደራዊ ፖሊሶች ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያስቡታል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ጎንደር አንድ ሳምንት አልቆየም፤ ኅዳር 18 ቀን ናሲ እጁን ሰጠ፤ ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ የያዘው የመጨረሻ ምሽግ ይህ ነበር። ዛሬ በአዲስ መኪና ሽቅብ የሚወጣ ቤተሰብ ልጆቹ «ደረስን?» እያሉ የሚነዘንዙበት ዳገት ያ ቁልቋል በር ነው።

ከነፃነት በኋላ ለረጅም ጊዜ የጎንደር የመኪና አፍ ወደ አስመራ ነበር። ዕቃው፣ መለዋወጫው፣ ፋሽኑ ሳይቀር በሊማሊሞ ይወርድ ነበር። አዲስ አበባን የጋረደው የዓባይ በረሃ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል መሬቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ሁለቱ ከተሞች በዓይን ይተያያሉ፣ በመንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ወንዙ ላይ ቋሚ የመኪና ድልድይ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። መስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ሰጠ፤ ብድሩ ባንኩ በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ ከሰጣቸው ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የአሜሪካ ባለሙያዎችም ሥራውን እንዲያደራጁ መጡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ድልድይ ሲሠራ የጎጃሙ መንገድ ከጎንደር ጋር ገጠመ። ማክሰኝት እንግዲህ ፊቷን ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ያዞረችው ከዚህ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ከቻይና ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር ከወልዲያ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር ወረታ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በቻይና መሐንዲሶች ተሠርቶ በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ፤ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚህ በኩል የሚመጣ ሰው ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ በጣርማ በር ጣልያን በሠራው ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ ደሴና ወልዲያ ደርሶ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። መንገዱ ይረዝማል። ጊዜ ያለውና ለዕይታ የሚነዳ ሰው ግን በአንዱ ሄዶ በሌላው ቢመለስ አያጣበትም፤ የጣርማ በር ጉምና የጋሸና ደጋ ከጎጃም ለምለም ሜዳ ጋር አይመሳሰሉም።

የዚያ ዘመን ተጓዥ ግን የራሱ መኪና አልነበረውም፤ አውቶቡስ ነበር። ጉዞው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ዕቃ ይታሰራል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ይደረሳል። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ የተወረወረለትን ሁሉ ይቀበላል፦ ሻንጣ፣ የሽቦ አልጋ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ለእናት የተገዛ ብርድ ልብስ። ሸራ ይሸፈንና በገመድ ይጠፈራል። አውቶቡሱ በሌሊት ስለማይነዳ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ ይታደራል። ሾፌሩ ፈጣን ከሆነ ባሕር ዳር ይደረሳል። አልጋ የጠበበት መንገደኛ ወንበሩ ላይ ያድራል። በማግስቱ የጠጠሩን መንገድ ይዘው ሲወጡ አቧራው በተሰበረው መስኮት ይገባል፤ ማክሰኝት የወረደ ሰው ጸጉሩ ሳይቀር ቀልቶ ዘመዶቹ ለመለየት ያስቸግራቸው ነበር። ሲመለስ ደግሞ ፖርቶመጋላው ይገለበጣል፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ በቅል፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ።

የግል መኪና የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ቮልስና ፔጆ ገዝቶ አገር ቤት የሚገባ ሹም ወይም ነጋዴ ለመንደሩ ሁሉ ወሬ ነበር። በደርግ ጊዜ ችግሩ ከመግዛቱ ይልቅ ማንቀሳቀሱ ሆነ። ቤንዚን በኩፖን ይታደላል፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመሻገር የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ኬላው እንደ ነጋድራስ ዘመን ተመልሶ ዕቃ ማስፈታት ጀመረ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ከወልዲያ በደብረ ታቦር የሚመጣው መንገድ ራሱ ግንባር ሆነ፤ የካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበት ዘመቻም በነዚሁ ጎዳናዎች ላይ የተካሄደ ነበር።

አስፋልቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ በጠቅላላ 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ2007 ዓ.ም. ከ110 ሺህ በላይ አድርሶታል። ቁጥሩ ብቻውን አያስደንቅም፤ አብዛኛው የገጠር ጥርጊያ ነውና። ለማክሰኝት ሰው ትርጉም ያለው የባሕር ዳር–ጎንደር መስመር አስፋልት መልበሱና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የዓባይ በረሃ አዲሱ ድልድይ ከአሮጌው ጎን መቆሙ ነው። አሮጌው ጠባብ ስለነበር ከባድ መኪና ሲገባ ሌላው ይቆም ነበር። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ረጅም ቀን ያልቅ ጀመር። ከደጀን በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ከሚዞረው በብዙ አስር ኪሎ ሜትሮች ያሳጥራል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ፤ ከከተማው መግቢያ የነበረው መጨናነቅም በዚሁ ተቃለለ።

በዚህ ዘመን ነው በራስ መኪና አገር ቤት መግባት የሹም ነገር መሆኑ የቀረው። ከዱባይና ከጃፓን በሚመጡት ያገለገሉ መኪኖች፣ በተለይ በቪትዝና በያሪስ፣ የመንግሥት ሠራተኛም የሱቅ ነጋዴም መሪ ጨበጠ። የጉዞው ዝግጅትም ቋሚ መልክ ያዘ። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ዘይት ይቀየርለታል፣ የፍሬኑ ሸራ ይታያል፣ ጎሚስታው ስኮርቱን ሳይቀር ነፍቶ ይሰጣል፤ ክሪክና የራዲያተር ውኃ ኋላ ይጫናል። ቦሎው መለጠፉ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ አለመቃጠሉ፣ ሊብሬውና መንጃ ፈቃዱ ኪስ መግባታቸው ይረጋገጣል፤ የመንገዱ ትራፊክ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። መኪናው አዲስ ከሆነ ከመነሣቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሞተሩንም ወንበሩንም ጸበል ይረጩታል፤ ሥዕለ ማርያም ወይም ቅዱስ ጊዮርጊስ መስተዋቱ ላይ ይንጠለጠላል። የማክሰኝት ሙስሊም ቤተሰብም በዱዓ ይሸኛል። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» የማይል ሸኚ የለም።

ጊዜው ግን እስከ ዛሬ የሚመረጠው በቅፍለቱ ሕግ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በዓባይ በረሃ አፈር ይንሸራተታል፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል፣ የፎገራ ውኃ አንዳንድ ዓመት መንገዱን ይዳፈራል። ብዙው ሰው የሚነሣው ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። ለዓይን ከሆነ መስከረምን የሚወዳደር የለም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሰማዩ ጥርት፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ላይ የሚከበረው በዓል በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ እንግዳው ስለበዛ ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ይከብዳል። ማክሰኝት ቤት ያለው ሰው በዚያ ሰሞን ዕድለኛ ነው።

ልምድ ያለው ሾፌር ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። ፍቼን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ በረሃው ሳይግል ቁልቁለቱን ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው አዲስ መኪናና አዲስ ሾፌር የሚፈተኑት። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል፤ ነባሩ በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ይዞ፣ ፍሬኑን ኩርባ ላይ ብቻ ነካ እያደረገ ይወርዳል። ከፊት ተሳቢ ካለ አይቸኩልም። ድልድዩ አጠገብ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም፤ ብርቅ ዕይታውን የፈለገ ደጀን አፋፍ ላይ ወጥቶ ይቁም። ከዚያ በኋላ ያለው ጎጃም ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሜዳ። እንጅባራ ሲደረስ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ደከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል ማክሰል ከጀመሩ ወዲህ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያና የድንች ክምር አብረው ቆመዋል። ባሕር ዳር ምሳ ወይም ማደሪያ ነው። ቀጥሎ ሐሙሲት፣ ከዚያ የፎገራ ሜዳ፤ ቀድሞ የከብት ግጦሽና የጎርፍ መተኛ የነበረው ሜዳ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ አብቃይ ሆኗል። ኤክስ ጂግና የሚባለው የሩዝ ዘር ስሙን ያገኘው እዚያው ካለች ቀበሌ ነው፤ ወረታ ላይ ወርዶ አንድ ኩንታል ለእናት መጫን የተለመደ ነው። ከአዲስ ዘመን በኋላ አሞራ ገደል፣ ብቻውን የቆመው የድንጋይ ዓምድ፣ ይታያል፤ ቁልቋል በር ይከተላል፤ ከዚያ ጉዛራ፣ እንፍራዝ፣ ማክሰኝት።

ሁለት ነገሮች ይህን ሥርዓት በቅርቡ ለውጠውታል። አንደኛው የመኪናው ዓይነት ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ አዲስ መኪና ማለት በአመዛኙ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ቻርጅ ማድረጊያው ግን አዲስ አበባ ላይ ተከማችቷል። ስለዚህ የጉዞው ስሌት ከማደሪያ ወደ መሰኪያ ዞረ፤ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኗ፣ የሆቴሉ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል፣ መብራት ይጠፋ እንደሆን አስቀድሞ ይጠየቃል። የዓባይ በረሃ ለዚህ መኪና የተለየ ነገር ያደርጋል፦ ሲወርድ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ ፍሬኑም አይግልም፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ካገኘው በላይ ይከፍላል። የቤንዚን መኪና ያለው ጓደኛ እስኪቀልድበት ድረስ ብዙዎች አዲሱን መኪና አዲስ አበባ ትተው ሌላ ተውሰው ይገባሉ።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋል፤ በመንገደኛ ላይ የሚፈጸም እገታም ብዙዎችን አስቀርቷል። አቅም ያለው በአውሮፕላን አዘዞ ወርዶ ወደ ማክሰኝት በኪራይ መኪና ይመለሳል። የግድ በመኪና የሚሄደው ስልክ እየደወለ፣ «መንገዱ እንዴት አደረ?» እያለ፣ ከሌሎች መኪኖች ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሲራራ ነጋዴው ለብቻው የማይነሣበት ምክንያትም ይኸው ነበር።

ማክሰኝት ከደረሱ በኋላም ሁሉም አይደርስም። የብዙ ተወላጆች ቤት ከከተማው ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ጥርጊያዎችን ቢዘረጋም፣ በደምቢያ በኩል ያለው መሬት ዋልካ በመሆኑ ዝናብ ሲነካው ለዝቅተኛ መኪና አይሆንም። አዲሱ መኪና ከተማ ካለ ዘመድ ግቢ ይቆማል፤ ሸራ ይለብሳል፤ አንድ ልጅ እንዲጠብቀው ይመደባል። ባለመኪናው በባጃጅ ወይም በእግሩ ይቀጥላል፤ ሩዙንና ብርድ ልብሱን አህያ ትሸከማለች። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ መኪናው እስከ ደጃፍ ይገባል፤ እዚያም ሽማግሌዎች ዞረው አይተውት፣ ጎማውን በዱላ መታ መታ አድርገው ይመርቁታል፣ ቡናም ይፈላል።